ቀጥ ብሎ ፎቶ የተነሳው የእህቴ ክርን

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን የምስል ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይ ደግሞ ሁለቱም ክርኖችዎ እንደምን ከርመዋል? ደህና ካልሆኑም ሐሳብ አይግባዎት፤ በክፍልዎ ፎቶ ከተነሱ ደህና ይባላሉ።

እኔ ከሆስፒታሉ በር ማዶ ያለሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። የሠራተኞችዎ ነጭ ጋዋን ኪሱ ሲቀደድ የሚጠግን ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ትምህርቴን ከተገኘው ጋዜጣና መጽሐፍ እየለቃቀምኩ ራሴ ያስተማርኩ ስለሆነ፣ አፉ ከእጁ ይፈጥናል እያሉ ያሙኛል። ሐሜት አይደለም፣ እውነታቸውን ነው።

በሱቄ ልብስ የምትተኩሰው ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷ ስለሆነች፣ ይኸው ሸብቼም እትዬ እላታለሁ። ካውያውን ወደ ራሷ ስትስብ፣ ቀኝ ክንዷ ታጥፎ መዳፏ ወደ ታች ሲዞር፣ ክርኗ ከውስጥ ቀጭ ይልና እዚያው ይያዛል። ቀስ ብላ ካላላቀቀችው አይዘረጋም። አንዴ ከተዘረጋ በኋላ ግን እንደ ማንም ክርን ነው። ይህን ይዘን ነው እናንተ ዘንድ የመጣነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጸጥታችሁ። ባለሙያው ክንዷን ቀጥ አድርጎ ዘረጋው፣ በትራስ ደገፈው፣ እንዳትንቀሳቀሺ አላት። እሷም፣ «የኔ ልጅ፣ እንዲህ ሲሆን እኮ አይደለም የሚያመኝ፣ ላጥፈውና ላሳይህ» ብትለው፣ «እናቴ፣ ከተንቀሳቀስሽ ምስሉ ይበላሻል» አላት። ልክ ነው፣ ምስሉ አልተበላሸም። እንዲህ ያማረ የክርን ፎቶ እኔ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ አጭር አነጋገራችሁ። «ክርኑ ጤናማ ነው» ብላችሁ ጻፋችሁ፣ አለቀ። እኔ ግማሹን ያህል አጭር መሆን ብችል ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩም ነበር። በኋላ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ክንዷን እያጠፈና እየዘረጋ በአልትራሳውንድ ሲያያት፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን አንድ ቦታ ላይ ታጥፎ ወፍሮ ተገኘ፤ ክንዱ ሲታጠፍ ያ እጥፋት በአጥንትና በአጥንት መሀል ይነከሳል። እንዲህ ያለ እጥፋት በሁላችንም ክርን ውስጥ እንዳለ፣ የሚያስቸግረው ሲወፍር እንደሆነ፣ ክንዱ ሲዘረጋ ደግሞ ጥጉን ይዞ እንደሚተኛ አስረዳን። እሱም፣ ቀዶ ሐኪም ቀዶ ጥገና ያስፈልጋት እንደሆነ ከመወሰኑ በፊት እጥፋቱ ተፈልጎ እንደገና ምስል ይነሳ፣ ክርኑም እየተንቀሳቀሰ ይታይ ብሎ ወደ እናንተ መለሳት። እናንተም በመስኮት በኩል፣ «ተነስታለች እኮ፣ ጤናማ ናት» ብላችሁ ሸኛችኋት። ያለ ምስል ሐኪሙ አይነካትም፤ ጤናማ ሰው ደግሞ እናንተ አታነሱም። እህቴም በዚህ መሀል፣ ልክ እንደዚያ እጥፋት፣ ተነክሳ ቀርታለች።

ሦስተኛው ግን ምስጋና ሳይሆን አቤቱታ ነው፤ እርስዎን ስለማይመለከት ቢዘሉት አልቀየምም።

ያን ዕለት ላጥፈውና ላሳይህ ስትል፣ በሩ ላይ ቆሜ «እትዬ፣ ዝም በይ እስቲ፣ አታሳፍሪኝ፤ ሰውየው ሥራውን ያውቃል» ያልኳት እኔ ነኝ። ባለሙያው እንኳ ጥቂት ቢታገሳት ታጥፍለት ነበር፤ ዝም ያሰኛት የእኔ ድምፅ ነው። ይህ አልበቃ ብሎኝ የክርኗን ፎቶ ፊልም የሱቁ መስኮት ላይ ለጠፍኩት። ደንበኛ በገባ ቁጥር፣ «ይኸው፣ እንደ መስታወት የጠራ ክርን፤ ካውያ ሲቀርበው ብቻ ነው የሚታመመው» እያልኩ አሳቅኩበት። እሷም አብራ ሳቀች። ሳቋ ነው የማይለቀኝ። ከዚያ ካውያውን ወደ ግራ እጇ አዞረችና ሥራዋን ቀጠለች። እኔም ይኸው ይቻላል አልኩ።

እኔ እኮ ኮት ሰፊ ነኝ። ደንበኛ ሲሞክር፣ «እስቲ ክንድዎን አጠፍ ያድርጉት» ሳልል አሰናብቼ አላውቅም፤ የእጅጌው ገበር የሚይዝ ከሆነ ሲታጠፍ እንጂ ሲንጠለጠል አይታይማ። ለማያውቁኝ ሰዎች ኮት ያሰብኩትን ለእህቴ ክንድ አላሰብኩም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለውን በሌላ ሰው ላይ ስተርትበት ነው የኖርኩት።

አሁን እትዬ ሱቅ መምጣት ትታለች፤ ልጇ ዘንድ ናት። ጽዋ እንኳ በግራ እጇ ነው የምታነሳው። ፊልሙን ከመስኮቱ ላነሳው ብሞክር ማጣበቂያው አልለቅ ብሎኛል፤ ፀሐይ በወጣች ቁጥር የእህቴ ክርን በሱቄ ውስጥ ያበራል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። አንዴ ታይታለች የሚለውን ይተዉትና እንደገና ያስጠሩልኝ፤ እጥፋቱ ይፈለግ፤ ክንዷን እያጠፈች ትታይ፤ መቼ ነው የሚያምሽ ተብላም ትጠየቅ። ይህን ካደረጉ የክፍልዎን ጋዋን ሁሉ እስክሞት እጠግናለሁ። ባያደርጉም እጠግናለሁ፤ ጋዋኑ ምን አደረገ?

ከላቀ አክብሮትና ካልተተኮሰ ሸሚዝ ጋር፣
ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ግልጽ ደብዳቤ እንዲያትመው ለጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት ለእትዬ በስልክ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታኝ፣ «ደህና ነው፤ እንደ ልማድህ ብዙ ተናገርክ» አለችኝ። ከጠራችኋት ትመጣለች፤ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ስትጠየቅ ወንድሟ ክፍሉ ውስጥ እንዳይኖር። ስለዚህ ለዘበኛዎ አደራ ይበሉልኝ፣ ኮሪደር ላይ ያቁመኝ፤ ሰውን ውጭ በማቆም እንደማትታሙ አይቻለሁ። በበሩ ስንጥቅ አንዲት ቃል ላቀብል ብዬ ከተጠጋሁም፣ እንዳትንቀሳቀስ ይበለኝ።