ልጄ ከተፈቀደላት በላይ መፍጠኗን ይመለከታል

ይድረስ ለተከበሩ የምዕራብ ተራሮች የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ቀኑን ሙሉ የውድድር ሰዓት ጨብጦ የዋለው ቀኝ እጅዎ እንደምን ነው? እኔ የካስትሮ ቫሊ ነዋሪ የሆንኩት ወይንሸት ገረመው፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ልጄ ብሩክታዊትም ደህና ናት፤ እንዲያውም በኮሚቴዎ ውሳኔ መሠረት ከሚገባው በላይ ደህና ናት።

ጉዳዩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይደናገር ባጭሩ ላስረዳ። ብሩክታዊት የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት። ከተወለደች ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት፤ ማውንቴን ቪው በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ካፊቴሪያ ትሠራለች፤ እንደ እሷ ላሉ ስፖርተኞች በሚዘጋጀው የስኪ ውድድርም ትሳተፋለች። በደንቡ መሠረት ተወዳዳሪው ጠዋት በመመደቢያው ዙር ቁልቁለቱን ይወርድና በሰዓቱ ከአቻዎቹ ጋር ይመደባል፤ ከሰዓት በኋላ በፍጻሜው ዙር ከጠዋቱ እጅግ ፈጥኖ ከተገኘ ግን ጠዋት ሆን ብሎ አዝግሟል ተብሎ ውጤቱ ይሰረዛል። የልጄም ውጤት በዚህ ተሰርዟል። አሁን የቀራት በመጪው ወር አንድ ጊዜ እንደገና መሞከር ነው፤ ያ ካልሆነላት በመጋቢት ወደ ትልቁ ውድድር ከሚሄዱት ጓደኞቿ ተነጥላ ቤቷ ትቀራለች። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ልጄን ሴረኛ ስላሏት አመሰግናለሁ። ከተወለደች ጀምሮ ሐኪሙም፣ አስተማሪዋም፣ የመንግሥት ቢሮውም የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፤ አስቀድማ ማቀድ አትችልም። የእርስዎ ኮሚቴ ግን «ዝቅተኛ ምድብ ለመግባት አስቀድማ በማቀድ ጠዋት ሆን ብላ አዝግማለች» ሲል ማኅተም መትቶ ጻፈ። ልጄ ተንኮል ማሰብ ትችላለች ብሎ ያከበራት የመጀመሪያው ተቋም እናንተ ስለሆናችሁ፣ ደብዳቤውን ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ከዲፕሎማዋ ቀድሞ የማሳየው እሱን ነው።

፪ኛ. ጠዋት ለምን እንደዘገየች ሳይጠይቁ ስለፈረዱ፣ ጊዜ ቆጣቢነትዎን አደንቃለሁ። ባይጠይቁም ልንገርዎ። እኛ ሰፈር በረዶ ስለማይጥል፣ ብሩክታዊት ዘወትር የምትለማመደው ኦክላንድ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ውስጥ፣ አሰልጣኟ ሚክያስ እንደ ስኪ የሚያንሸራትት ባለጎማ ጫማ እያደረገላት ነው። ስኪ ላይ «በር» የሚባሉት ምሰሶዎች ስላልነበሩን፣ ከቅዳሴ የወጡ አረጋውያን በየቦታው ቆመውልን እሷ በመካከላቸው እየተጠማዘዘች ታልፍ ነበር። ታዲያ ትልቅ ሰው አጠገብ ደርሶ ሰላም ሳይሉ ማለፍ በቤታችን ነውር ስለሆነ፣ ልጄ በየበሩ ቆሞ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠትን ከስፖርቱ ጋር አብራ ተማረችው። ሚክያስ በረዶው ላይ ስትወጣ ይተዋታል ብሎ ነበር። አልተዋትም።

ተራራው ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው በየበሩ የቆሙትን ባለሽበት ዳኞች ስታይ ምን እንድታደርግ ጠብቀው ነበር? እያንዳንዳቸው ዘንድ ቆመች፤ «ሃይ፣ ሃው ኢዝ ዩር ፋሚሊ?» እያለች ስለ ቤተሰባቸው ጠየቀች። አራተኛው በር ላይ ያሉት አዛውንት ስለ ጉልበታቸው ኦፕራሲዮን ሲያጫውቷት፣ የሽማግሌ ወሬ አይቋረጥምና እስኪጨርሱ ጠበቀች። ሌሎቹ በአንድ ደቂቃ የሚጨርሱትን ቁልቁለት የኔ ልጅ እንቁጣጣሽ እንደሚዞር ሰው በየቤቱ እየገባች ነው የጨረሰችው።

፫ኛ. ከሰዓት በኋላ፣ ሰላም በይ እያልኩ ያሳደግኳት እኔው ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ አሁን ማንንም ሰላም እንዳትይ አልኳት። ደነገጠች፤ ግን እናቷን ትሰማለች። ማንንም ሳታይ ወረደች፤ የአራተኛው በር አዛውንት ለሰላምታ ያነሱት እጅ እንደተነሳ ቀረ። እንደዚያ ስትበር አይቻት አላውቅም። አለቀስኩ፤ ሚክያስ ኮፍያውን በደስታ ወርውሮ እስካሁን አላገኘውም። አንደኛ ወጣች! ሜዳሊያው ሊጠለቅላት አንገቷን ስታቀርብ እርስዎ ደርሰው ወረቀት አነበቡ፤ በፋንታውም «ስለተሳተፉ እናመሰግናለን» የሚል ሪባን ሰጧት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል ለእህል ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ በረዶም ላይ እንደሚሠራ ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፬ኛ. አዛውንቱ ዳኛ በይግባኛችን ላይ ቀርበው የሆነውን ሁሉ ቢመሰክሩም፣ ስለ ጉልበት መጫወት በደንቡ ስላልተጠቀሰ እንዳልተደረገ ይቆጠራል ብላችኋል። ጉልበታቸውም እንዳልታከመ ይቆጠር እንደሆነ ሰውየው ማወቅ ይፈልጋሉ።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ደግሞ፣ አትሌቷ ውሳኔው ላይገባት ስለሚችል ቀስ ብለው ያስረዷት ይላል። ቀስ ማለትን እንዴት እንደሚወዱት ስለማውቅ በጣም ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርስ አቋረጠችኝ፤ «ማሚ፣ አይ ኖው። ሰላም አላልኩም» አለችኝ። የተቀጣችው ሰዎቹን ሰላም ሳትል በማለፏ መስሏታል። እውነተኛውን ምክንያት ልነግራት ብዬ ተውኩት፤ ከእርስዎ ምክንያት የእሷ ይሻላልና። ይህን ግን ያለ ምንም ቀልድ ነው የምጽፍልዎ። በሕይወቷ በጣም የፈጠነችበትን ቀን ብልግና የሠራችበት ቀን አድርጋ ይዛዋለች።

ስለዚህ በመጪው ወር በሁለቱም ዙር ሁሉንም ሰው ሰላም ልትል ወስናለች፤ እኔም ሁለተኛ አልከለክላትም። ሁለቱ ሰዓቶቿ ደንቡ እንደሚያዘው አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ በዚያ ዝግታ አቻ ስለማይገኝላትም ብቻዋን ተመድባ አንደኛ ትወጣለች። ኮሚቴው ብርድ ልብስና ተጣጣፊ ወንበር ይዞ እንዲመጣ፣ ዳኞቹም ስለ ቤተሰቦቻቸው የሚመልሱትን ከወዲሁ እንዲያስቡበት በትሕትና አሳስባለሁ። ይህ ከበዛባችሁ ደግሞ ሜዳሊያዋን መመለስ ትችላላችሁ።

ለሰዓትዎ ባትሪ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ፍትሕዎ ከእኔ ደጅ ወደ ሌላው እንዲሻገር እየጸለይኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

ወይንሸት ገረመው
የሴረኛዋ ብሩክታዊት እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ስጽፍ ብሩክታዊት መጥታ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለሊቀመንበሩ ነው ስላት፣ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመው ሳለ ዝም ብላ ስላለፈችዎ ይቅርታ እንድጠይቅላት፣ ቤተሰብዎም እንዴት እንደሆኑ እንድጠይቅላት ነግራኛለች። መልስዎን ትጠብቃለች፤ «ኢሜይልዎ ደርሶናል» የሚለውን እንደ መልስ አትቆጥረውም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከልብ የሆነው ሰላምታ ይህ የእሷ ብቻ ነው።