መስታወቱ እንዳይቆረጥ

ለታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ወገብሽ እንዴት ነው፣ ተሻለሽ? ልጆቹስ የአዲስ አበባን ብርድ ለመዱት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ለለመድነውም ከብዷል። የእማ ስኳር ባለፈው ሳምንት ሲለካ ወርዷል። እሷ በዱዓዬ ነው ትላለች፤ እኔ ሐልዋውን ስለደበቅኩባት ነው እላለሁ።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሳይጠራ ዘግቼዋለሁ። በስልክ ከሆነ አንቺ ትቆጪኛለሽ፣ እኔም እመልስልሻለሁ፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ጽፌ ለአጎታችን ልጅ ለአብዲራሺድ ሰጠሁት፤ ቅዳሜ ወደ እናንተ ይመጣል።

ከሦስት ሳምንት በፊት «አንቺ ነሽ?» ብለሽ ለላክሽልኝ ጥያቄ መልሱ ይኸውልሽ። አዎ፣ እኔ ነኝ። የእማ ፎቶ ከዚያ የልብስ መሸጫ ድረ-ገጽ ላይ እንዲወርድ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ፎቶው የእኔ ነው፣ ማንም አላስፈቀደኝም፣ በሁለት ቀን ውስጥ ካላወረዳችሁት ወደ ሕግ እሄዳለሁ ብዬ ጻፍኩላቸው። የትኛው ሕግ እንደሆነ አላውቅም። እነሱም አልጠየቁኝም፤ በማግስቱ አወረዱት።

የሚያስቀው ደግሞ የጻፍኩላቸው ከሥራ ቦታዬ መሆኑ ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ኅትመት ቤታችን ውስጥ ቁጭ ብዬ ለሠርግ መጥሪያ የሚሆን አበባ ከኢንተርኔት ስወስድ ነበር። አበባው የማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። አለቃዬ ሙመድ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ፎቶ የመንገድ ዳር የኒም ዛፍ ጥላ ነው፣ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጥበታል ይላል። እኔም ይህን አምኜ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። የራሴ ሲሆን ጊዜ ግን ባለቤት ተገኘለት።

ፎቶውን ያነሳሁት የዒድ ዋዜማ ነው። እማ ቤት የረሳችውን መነጽር ላደርስላት ቀፊራ ገበያ ሱቋ ሄድኩ። ጀርባዋን በከፊል ለበሩ ሰጥታ፣ ፊቷ በአንድ ጎን ብቻ እየታየ ሻሾች ታጥፋለች። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባ ፀሐይ ጉንጯ ላይ አርፏል። እማ ስልክ ስታይ የሻሿን ጫፍ ስባ አፏን እንደምትሸፍን ታውቂያለሽ፤ በእኔ ምርቃት ቀን እንኳ ፎቶው ላይ ያለው ዐይኗ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን አላየችኝም ብዬ አንድ ጊዜ አነሳኋትና፣ መነጽሩን ለጎረቤቷ ለዊዳድ ሰጥቼ ሹልክ አልኩ።

በዒዱ ቀን የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። ምንም አልጻፍኩበትም። አንቺ ወሰድሽውና ስለ እማ ሱቅ ከጻፍሽው ጋር ብሎግሽ ላይ አወጣሽው። ጽሑፍሽ ጥሩ ነበር፤ ጥሩ መሆኑ ነው ያናደደኝ። ቀጥሎ የልብስ መሸጫው ሰዎች ፎቶውን ወደውት አንቺን በጽሑፍ አስፈቀዱ፣ አንቺም ፈቀድሽ። ገጻቸው ላይ እንዲገጥምላቸው የፎቶውን ግራ ጎን ቆረጡት፤ ከሥሩም «ፎቶ» ብለው ያንቺን ስም ጻፉ። ዊዳድ በስልኳ ስታሳየኝ አንጀቴ ቅጥል አለ።

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። አንቺ አርብ አርብ ስትደውዪ እማ የሱቁን መጋረጃ ጋርዳ፣ ስልኩን ደህና በሚሰማው ጆሮዋ ይዛ እንደ ልጃገረድ ትስቃለች። እኔ በየቀኑ ምሳዋን ይዤ ከቤት ከገንደ ቆሬ በባጃጅ ስመጣ፣ ጨው አብዝተሻል ትለኛለች። ትምህርት ቤት እያለንም «የእሷ እህት» ነበርኩ እንጂ ስም አልነበረኝም። የዒድ ልብስሽ ለእኔ የሚደርሰኝ አንቺ ከጠገብሽው በኋላ ነበር። ይሁን፣ እሱንስ ለበስኩ። በዕድሜዬ ያነሳሁትን አንድ ጥሩ ፎቶ ግን አንቺ ስትለብሺው ዝም ብዬ ልመልከት? እንዲህ እያልኩ ነው የጻፍኩላቸው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የእማን ደስታ ነበር፤ ይህን ያወቅኩት ባለፈው ሰኞ ነው።

እማ ፎቶው ከወጣ ጀምሮ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ዊዳድን ጠርታ ታሳይ ነበር። አሳዪው፣ እኔ ነኝ፣ ልጆቼ ናቸው ያወጡኝ እያለች። ልብ በዪ፣ ልጆቼ ነው የምትለው፤ ለእኔ ግን «ልጄ» ብላ አንቺን ብቻ የምትል ይመስለኝ ነበር። ሰኞ ዕለት፣ ዊዳድ ከሦስት ሳምንት የዘመድ ጥየቃ በተመለሰች ቀን፣ ከጀልዴሳ ለሠርግ ሻሽ ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ነበረች። ዊዳድ ፈለገች፣ የለም። ደግማ ፈለገች፣ የለም። ሴትዮዋ ኔትወርኩ ይሆናል ብላ አጽናንታት ሄደች። ለእኩለ ቀን እረፍት ሱቁን ገርበብ አድርገን ምሳ ስንበላ፣ እማ ቀና ሳትል፣ አሮጊት ፊት ሰው ጠልቶባቸው ይሆን ያወረዱኝ አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ስል እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ አስፈቅደሽ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ማንን አልኳት። እኔን አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ያንቺን የሰማሁት። ብሎግሽ ላይ ከማውጣትሽ በፊት ደውለሽ፣ እማ ፊትሽ በደንብ ይታያል፣ ላውጣው ወይስ ይቅር ብለሻታል። እሷም ሁለት ቀን አስባ እሺ ብላሻለች። እኔን አለመጠየቅሽ አሁንም ያንገበግበኛል፤ እሱን ሌላ ቀን እንጣላበታለን። ግን ፊቱ የማን እንደሆነ ያወቅሽው አንቺ ነሽ። እኔ አንስቻት፣ አርባ ዘመድ ላለበት ግሩፕ ለቅቄያት፣ አንድ ቃል አልጠየቅኳትም። አላስፈቀዱኝም ብዬ የጮህኩትም እኔው ነኝ።

አፍሬ፣ ያላየሽኝ መስሎኝ ነው እማ አልኳት። ሳቀች። ፊት ለፊቷ ሚስማር ላይ ወደተሰቀለው፣ ደንበኞች ሻሽ ሲሞክሩ ወደሚያዩበት መስታወት በአገጯ አመለከተችኝ። ገና በሩ ላይ ስትቆሚ አይቼሻለሁ አለችኝ። ስልኩን ስትደቅኚብኝ እንዳይበላሽብሽ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩልሽ፣ አሁን ገብታ ታሳየኛለች ብዬ ስጠብቅ መነጽሬን ለዊዳድ ሰጥተሽ ጠፋሽ፣ ወላሂ እንደ ሌባ አለችኝ። ከዚያ ሌላ ሻሽ አንስታ ማጠፍ ጀመረች። ለምን አፏን እንዳልሸፈነች አልጠየቅኳትም።

የጠየቅኳት ፎቶው ይመለስ ወይ ብዬ ነው። ይመለስ፣ ስሜም ይጻፍ፣ ሃዎ ከቀፊራ ይበሉ አለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ወረቀት ታገኛለሽ። ፎቶውን እንዲጠቀሙበት ፈቅጃለሁ ብዬ ፈርሜበታለሁ፤ ይቅርታም ጠይቄያቸዋለሁ። ከሥሩ መጀመሪያ የእማ ስም ይጻፍ፣ ቀጥሎ የእኔ። ያንቺንም ከፈለጉ ሦስተኛ ያድርጉት፤ ከቅናቴ ለጊዜው የተሻለኝ እስከዚህ ድረስ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቀሽ ንገሪያቸው፤ ግራውን አይቁረጡት። መስታወቱ ያለው እዚያ ነው። እኔ በትንሿ ስልኬ አላየሁትም ነበር፣ ሰኞ ማታ ነው ያገኘሁት። አንቺም ሙሉውን በኮምፒውተር ከፍተሽ አጉዪው። እማ ያን ጊዜ ማንን እያየች እንደነበር፣ ከንፈሯም እንዴት እንደነበር ታዪዋለሽ።

አላህ ወገብሽን ያሽርልሽ፣ ልጆችሽን በጤና ያሳድግልሽ፣ መንገድሽን ሁሉ ያቅናልሽ። አርብ እንዳትቀሪ፤ እማ ሳትደውዪ የቀረሽባቸውን ሦስቱንም አርብ መጋረጃውን ጋርዳ ጠብቃሻለች። ከእሷ ስትጨርሺ ስልኩን ለእኔም እንድትሰጠኝ ንገሪያት።

ምሳ አመላላሿ፣
ታናሽሽ