አባባ መኪናውን ያቆመ ዕለት

ማክሰኞ፣ ጥር 14
ከአባባ ልብስ ስፌት ሱቅ

ለምወድህና ለምናደድብህ ወንድሜ፣

ጤናህን ልጠይቅህ ነበር፤ ግን አክስታችን “ከስቷል!” እያለች ፎቶህ ላይ ስታለቅስ ስለዋለች ከአንተ በላይ እኛ እናውቀዋለን። አባባ ከሆስፒታል ወጥቷል። የጉሮሮው ዕጢ ተነቅሏል፣ ቁስሉም እየዳነ ነው። ድምፁ ግን አብሮ ሄዷል። ሐኪሙ ቀድሞ ስለነገረን ማንም አልደነገጠም፤ ሁላችንም ለየብቻ ተደብቀን አለቀስን እንጂ።

የምጽፍልህ ስለ ቀረጻው ነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ድምፁን እንቅዳ ተባለ። ታውቀዋለህ፣ የስፌት መኪናውን ካልረገጠ አፉ አይከፈትም። ጸጥ ያለ ክፍል አስቀምጠን “በል ተናገር” ስንለው የመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደርቆ ቀረ። ስለዚህ አሮጌው ላፕቶፕህ ላይ የተውከውን ፕሮግራም አወጣሁ፤ ከመኪናው ጩኸት ጋር ተጣልተህ የሠራኸውን። አንዱ ማይክ አፉ ጋ፣ ሌላው መኪናው ጋ። ፕሮግራሙ በሁለተኛው የሚገባውን ሁሉ ጩኸት ነው ብሎ ይማርና ከመጀመሪያው ላይ ይቀንሳል።

አጎታችን፣ ሬዲዮ መፍታት ስለሚችል ራሱን ኢንጂነር የሚለው፣ “የጩኸቱ ማይክ መርፌው አጠገብ ይሁን” አለ።

“ጋሼ፣ ለአባባ አፍ አይቀርብም?”

“አንቺ የትናንት ልጅ! እኔ ሬዲዮ ስፈታ አባትሽ ገና ቁምጣ ነበር የሚለብሰው።”

“ሲገጥሙትስ ስንት ብሎን ተረፈ?”

አባባ ሳቀ። ሳቁ ተቀድቷል፤ ልኬልሃለሁ።

ደግሞ ሠራ! መኪናው እየሮጠ አባባ ሲያወራ፣ ስለ ደንበኞቹ ቦርጭ ሲያማ፣ ቀረጻው ላይ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ “ወጣ በሉ እስቲ፣ ለልጁ የምለው አለኝ” አለ። በሩ ላይ ጆሮዬን እንዳልለጥፍ ኢንጂነር በሹራቤ ጎትቶ አስወጣኝ። በመስኮቱ ግን አየሁት። መኪናውን አቆመ። አባባ! መኪናውን! ከዚያ መርፌው ላይ አጎነበሰ፤ አፉ ከጩኸቱ ማይክ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረው። ብዙ ተናገረ። መሃል ላይ ዓይኑን በሚሰፋው ሱሪ ጠረገ።

ወዲያው ልሰማው ስል ኢንጂነር “አይነካ፣ የልጁ ነው” አለኝ። በሕይወቴ አንዴ ታላቅ ታዘዝኩ፣ ያውም ያን ዕለት።

የከፈትኩት አባባ ሆስፒታል ከገባ በኋላ፣ ልልክልህ ስል ነው። “አንተ ልጄ፣ ያን ቀን እኔ…” ይላል። እዚህ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ፕሮግራምህ ገና እየተማረ ነበራ። ከዚያ አባባን ጩኸት ነው ብሎ ተማረው። ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ያልተጣራውን ብፈልግ የለም፤ እንዲያስቀር አድርገህ አልሠራኸውም። ጩኸቱን ማን ይፈልገዋል ብለህ ይሆናል። ድገመው ልለው እየሮጥኩ ሆስፒታል ስደርስ አልጋው ባዶ ነው፤ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብተውታል።

ኢንጂነር ከዚያ ወዲህ አይፎክርም። ስቀልድበት እንኳ አይቆጣም፣ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

ለአባባ አልነገርኩትም። የሰማኸው ይመስለዋል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከስፌቱ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ ወደ ስፌቱ ይመለሳል። መልስ የከለከልከው ነው የሚመስለው። በወረቀት ጻፍልኝ ልለው ወረቀቱን ያዝኩ፣ ግን እንደጠፋ ማወቁ ነው፤ ደፍሬ አልሰጠሁትም።

“ያን ቀን” ያለው ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ ቀና ብሎ ያላየህን ቀን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ማን እንደበደለ እኔ አላውቅም፤ ልጅ ናት ተብዬ ወደ ጓዳ ተባርሬ ነበር። ግን “ያን ቀን እኔ” ብሎ የሚጀምር ሰው ሌላውን ሊከስ አይደለም።

ደውልለት። ስልኩን ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ። አይመልስልህም፤ አንተ ብቻ ተናገር።

ድምፅህን ያቆይልን።

አፈኛዋ እህትህ