አቶ ኤርሚያስ ሥዩም በመንጠቆ ላይ የሰኩት

ለቀብር የመጣችሁ ወገኖች፣ ጎረቤቶችና የገበያ ደንበኞች፣ ፈጣሪን አስቀድመን የአቶ ኤርሚያስን ሕይወት ከልደት እስከ ዕረፍት እናሰማችኋለን። ስለ እሳቸው በገበያ ሁለት ዓመት ያህል የተወራ ነገር አለ። በክት በመንጠቆ ሰክተው ዓሣ አበሉን ይባላል። አፈር ሳይለብሱ እውነቱ መነገር ስላለበት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በቦታው ተጽፏል።

አቶ ኤርሚያስ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ሥዩም አድማሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደስታነሽ ወርቄ ኅዳር 3 ቀን 1984 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጣና ዳር ተወላጅ ነበሩ። በውትድርና ወደ ነገሌ መጥተው፣ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ነፍሰ ጡር ሚስታቸውን ይዘው እዚሁ ቀሩ። ከጠመንጃ ሌላ የሚያውቁት ሥራ ዓሣ ማጥመድ ብቻ ስለ ነበር ገናሌ ወንዝ ወርደው መንጠቆ ጣሉ። በዚያን ጊዜ ነገሌ ውስጥ ዓሣ የሚበላው ሰው ጥቂት ነበር። ከብት አርቢው "የውኃ እባብ" እያለ ይስቅባቸው ነበር። ከክርስቲያኑም ወገን አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው አይበላም የሚል ብዙ ነበር።

አቶ ኤርሚያስ ትምህርታቸውን በ1991 ዓ.ም. ጀምረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1998 ዓ.ም. አባታቸው በወባ ስላረፉ ትምህርቱን ትተው መንጠቆውን አነሡ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ አሥራ አራት ነበር። ከአባታቸው የወረሱት አንድ ጥቅል ገመድ፣ ጥቂት መንጠቆና የመብሉን አመራረጥ ነው። አምባዛ በዓይኑ ሳይሆን በጢሙ እየዳሰሰ ነው መብሉን የሚፈልገው። ውኃው ሲደፈርስ ሽታ ያለው ይሰካለታል፤ ፀሐይ የመታው አንጀት፣ ጉበት፣ ጣፊያ። ውኃው ሲጠራና ሲጎድል የምድር ትል ይበቃዋል። ደም ያለበት ነገር ሰው ውኃ በሚቀዳበት አይታጠብም፤ አዞ ይጠራል።

የነገሌ ሰው ግን ዓሣ ሲገዛ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም "ምን አብልተህ ያዝከው?" ይላል። ስለዚህ አቶ ኤርሚያስ ሁለት ጣሳ ይዘው ነበር የሚወርዱት። በአንዱ ከሙስሊም ሥጋ ቤት የመጣ አንጀት፣ በሌላው ከክርስቲያን ሥጋ ቤት የመጣ። በመጀመሪያው የተያዘውን አምባዛ በመንጋጋው አረንጓዴ ክር፣ በሁለተኛው የተያዘውን ነጭ ክር ያስሩበት ነበር። በጾም ወራት ለጿሚው በትል ብቻ ያጠምዱ ነበር። ትል የማንም እርድ አይደለም ይሉ ነበር። አንጀቱን አጥባ ጨው ነስንሳ ፀሐይ ላይ የምትሰቅለው እናታቸው ነበረች።

ዋናዋ ደንበኛቸው ዓሣ የሚጠብሱት ወይዘሮ ጠይባ ናቸው። ሁልጊዜ ጠዋት ከሩቅ ሲያዩዋቸው፣ "አካም፣ ኤርሚ! የዛሬው ምን በልቶ ሞተ?" ይሏቸው ነበር።

"የእናንተን በግ አንጀት፣ እትዬ ጠይባ።"

"ከእኔ የተሻለ በላ በለኛ! እኔ ትናንት ሽሮ ነው የበላሁት።"

ወይዘሮ ጠይባ አረንጓዴውን ክር ካዩ ሌላ አይጠይቁም ነበር። ሰውም የወይዘሮ ጠይባን ዓሣ የሚበላው በዚያ ክር አምኖ ነው።

አቶ ኤርሚያስ በ2006 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሚስጥር ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በ2007 ቅድስትን፣ በ2010 አቡሽን ወልደዋል። እናታቸውንም በ2011 ዓ.ም. የጎልማሶች ትምህርት አስመዝግበው፣ ደብተርና እርሳስ ገዝተው፣ የመጀመሪያውን ቀን እጇን ይዘው አድርሰዋታል።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ ቀረ። በ2014 ጥር ወር ነገሌን ለምታውቁ መናገር አያስፈልግም። ከብቱ በየመንገዱ ዳር ወደቀ። የሚታረድ ስላልነበረ ሁለቱም ሥጋ ቤቶች ተዘጉ። መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቆ ትል የሚባል ጠፋ። አቶ ኤርሚያስ ለሁለት ሳምንት ወንዝ ሳይወርዱ ቤት ተቀመጡ። በየሜዳው የወደቀ ሥጋ ሞልቶ ሳለ ሌሎች አጥማጆች ከዚያ እየቆረጡ ሲወርዱ፣ እሳቸው ግን "ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ?" ብለው እንቢ አሉ። ቤት ውስጥ የቀረው ለሁለት ቀን የሚሆን ዱቄት ነበር።

እናታቸው እንጨት ልትለቅም ከከተማው ዳር ወጥታ አንዲት ላም ወድቃ አገኘች። ሰውነቷ ገና ትኩስ ነበር፤ ነፍስ ግን የለባትም። እናታቸው ዙሪያዋን አየች። ሰው አልነበረም። በያዘችው ቢላዋ ጉበቷንና ጣፊያዋን ቆርጣ በላስቲክ ቋጠረች። ቤት ገብታም ለልጇ፣ "እንግዳ መጥቶባቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በግ አርደው ሰጡኝ" አለቻቸው። አቶ ኤርሚያስ በዕድሜያቸው እናታቸውን ከየት አመጣሽ ብለው አያውቁም ነበር። ጉበቱን ሰክተው ዘጠኝ አምባዛ ያዙ። ለዘጠኙም አረንጓዴ ክር አሰሩ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ኤርሚያስ ከወይዘሮ ጠይባ ቤት ሻይ ሲጠጡ አቶ ጃታኒ የሚባሉ ከብት አርቢ ገቡ። ወድቃ የሞተች ላማቸውን ቆዳ ሊገፉ ተመልሰው ሆዷን ተከፍቶ እንዳገኙት ለተቀመጠው ሰው ይናገሩ ነበር። "ጅብ ነው ብዬ ነበር" አሉ። "ጅቡ ግን ቢላዋ ይዞ ነው የመጣው፤ ጉበት ብቻ መርጦ ሄደ።" ሰው ሳቀ። አቶ ኤርሚያስ አልሳቁም። ላሟ የት እንደ ወደቀች ጠየቁ። እናታቸው እንጨት የምትለቅምበት መንገድ ነበር።

ቤት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። "እማዬ፣ ጉበቱ የማን ነበር?" አሏት። ቀና ማለት አቃታት። አለቀሰች። ነጠላዋን አንሥታ፣ "እኔው ሄጄ ልንገራቸው" አለች።

"አንቺ የትም አትሄጂም። ነገ ጨው የምትገዢው ከእነሱ ነው። ሰውን የምታዪው በምን ፊት ነው? እኔ ወንዙ አለኝ።"

ወደ ወይዘሮ ጠይባ ቤት ተመልሰው ሄደው በሰዉ መካከል፣ "ጉበቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እያወቅሁ በአረንጓዴ ክር አስሬ የሸጥኩላችሁም እኔ ነኝ" አሉ።

ወይዘሮ ጠይባ መጥበሻውን ከነዘይቱ አውጥተው ከደጅ ደፉት። "ልጄ ናት የበላችው፣ ኤርሚያስ" አሉ። "ኢክራን ናት የበላችው። በክርህ አምኜ።" አቶ ጃታኒ አልተቆጡም። "ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር" ብቻ ብለው ወጡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከአቶ ኤርሚያስ ዓሣ የሚገዛ ጠፋ። የቀን ሥራ ሠሩ፣ ድንጋይ ጫኑ፣ አወረዱ። እናታቸው እየወጣች እየገባች "ልናገር" ባለቻቸው ቁጥር "ተይ" ይሏት ነበር። እሷም ተወች። ፈርታ ነው የተወችው፤ ሌላ ምክንያት የላትም።

በ2015 ዓ.ም. ዝናቡ ሲመለስ እንደገና ወንዝ ወረዱ። ሥጋ ቤቶቹም ተከፈቱ። እሳቸው ግን አንጀት መንካት ተዉ። ወንዙ ደፍርሶ በትል የሚያዘው ጥቂት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ባለቤታቸው ቢመክሯቸው፣ "አንጀት ብሰካ ማን ያምነኛል? ትል ግን በዓይን ይታያል" አሉ። ከሚሸጡት ዓሣ አጠገብ በጣሳ ጭቃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ትል እያስቀመጡ ለሚያልፈው ሁሉ ያሳዩ ነበር። አንዳንዱ ገዛ፤ ብዙው አይቶ አለፈ። ወይዘሮ ጠይባ ወደዚያ በኩል አይመጡም ነበር።

ትል የሚበዛው ከብት ውኃ በሚጠጣበት፣ ፋንድያ በተቀላቀለበት ጭቃ ነው። ኅዳር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. አቶ ኤርሚያስ እዚያ ሲቆፍሩ ዶማው ግራ እግራቸውን መታቸው። ቁስሉ ትንሽ ነበር። በጨርቅ አስረው ትሉን ለቅመው ጨረሱ። በዘጠነኛው ቀን ቁርስ ሊበሉ መንጋጋቸው አልከፈት አለ። ሆስፒታል ሲደርሱ የመንጋጋ ቆልፍ ነው ተባለ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። ብርሃንና ድምፅ ያንዘፈዝፋቸው ስለ ነበር ልጆቻቸው ገብተው አልተሰናበቷቸውም። እናታቸው በጆሯቸው ቀስ ብላ፣ "አሁንስ ልናገር?" ብላ ጠየቀቻቸው። አፋቸው ተቆልፎ ስለ ነበር አዎም ተይም አላሉም። ስለዚህ ይህ ታሪክ የተጻፈው በእናታቸው ፈቃድ ብቻ ነው። የጻፈችውም ራሷ ናት፤ ስሕተት ቢኖርበት የእሷ ነው።

አቶ ኤርሚያስ ሥዩም ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሠላሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሚስጥር፣ ልጆቻቸው ቅድስትና አቡሽ፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታነሽ በሕይወት አሉ።

አቶ ጃታኒ፣ ላምዎን የቆረጠችው ደስታነሽ ናት። ወይዘሮ ጠይባ፣ ኢክራንን በክት ያበላቻት ደስታነሽ ናት። ሌላም የበላ ካለ እንደዚሁ። ኤርሚያስ የሰኩትን አላወቁም ነበር። ይቅርታውን ለእሷ ብትነፍጓት እውነት አላችሁ፤ ለእሳቸው ግን ሳጥኑ ሳይወርድ ስጧቸው። የምትጠይቁት ካለ እናታቸው ከቀብር በኋላ ቤት አለች፤ በሩ ክፍት ነው።

እግዚአብሔር የልጃችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ያልሠሩትን ተሸክመው ኖረዋልና ሸክማቸውን ከላያቸው ያውርድላቸው። ለልጆቻቸው ዕድሜ፣ ለባለቤታቸው ብርታት ይስጥልን። አሜን።