ከባሌስትራ የተሠራው ካራ

ጥር 30 ቀን።

ካራህ ተሞከረ።

ደሳለኝ፣ ሞት ከለያየን ሁለተኛው ጥር እያለቀ ነው። ይህን የምጽፍልህ ናፍቆት ብቻ አስገድዶኝ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ያናደደኝን ሰው ደግሞ ከአንተ በቀር ለማንም ላማው አልችልም። ወንድምህ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሕይወት ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች፤ እንደ አንተ ተከራካሪ ወጥታለች። የጓሮው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፤ ያውም በሚቀጥለው ሳምንት እሠራዋለሁ ትለው የነበረው ቦታ ላይ። ድንኳንህን ወንድምህ ጌታነህ ለጊዜው ብሎ ወሰደው። ቡትስ ጫማህንም ለጊዜው። መጥረቢያህን፣ የእጅ ባትሪህን፣ ያንን አንቴናው የተሰበረ ራዲዮ ሳይቀር ለጊዜው። የወንድ ዕቃ ሴት ቤት ምን ይሠራል ይላል። አንድም የተመለሰ ነገር የለም።

የቀረው ካራው ነበር። ከመኝታችን በላይ ሚስማሩ ላይ፣ ከነአፎቱ። እሁድ እሁድ ፈረንጆች ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክለው ካራ ሲፈትኑ በስልክህ እያየህ ምሳ ስታስበርድብኝ የኖርክበት ጉዳይ። ለጂኦግራፊ መምህር ይህ ምን እንደሚጠቅመው እስከ ዛሬ አልገባኝም። በመጨረሻ ወገዳ ድረስ ሄደህ ለአንድ ብረት ቀጥቃጭ ከአይሱዙ ሥር የወጣ የባሌስትራ ብረት ሰጥተህ፣ ከክርንህ እስከ ጣትህ ጫፍ የሚረዝም ካራ አሠርተህ መጣህ። ሽንኩርት ልቆርጥበት ብል እጄን ያዝከኝ። በወጉ ሳይሞከር አይነካም፣ ጥር ሲመጣ ገደሉ አፋፍ ላይ ድንኳን ተክለን እንሞክረዋለን አልክ። ጥር ሲመጣ አንተ አልነበርክም።

አንተ የሌለህበት ቤት ምን እንደሚመስል ላስረዳህ፤ ዶሮ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ አንጠልጥዬ ከበር በር የሚያርድልኝ ወንድ እፈልጋለሁ። ሴት አታርድም፤ ብታርድም የሚበላላት የለም። የገናውን ዶሮ ያረደልኝ መንገድ ላይ ያስቆምኩት የባጃጅ ሹፌር ነው። አንገቱ ላይ ማተቡን አይቼ ነው የጠራሁት። ተሳፋሪዎቹ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁት፤ አንደኛዋ ላባውን ለትራስ አስቀሪልኝ ብላ ቀለደችብኝ። ጌታነህን ብጠራ ይመጣል፤ ግን መጥቶ የሚያየው ዶሮውን ሳይሆን ሚስማሩን ነው።

ሕይወት ለዕረፍት ስትመጣ አንድ ሐሳብ አመጣች። አባዬ እንዳሰበው አፋፉ ላይ ሄደን እንሞክረው፣ ከዚያ ወደ ሚስማሩ ይመለስ አለች። ጌታነህ የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ሦስታችን ሄድን። ከወገዳ ገበያ አንድ በግ ይዘን፣ ከዚያ በእግር። ድንኳንህን ጌታነህ ይዞት መጣ፤ አንዱ ዘንግ የለም፣ ሸራውንም አይጥ በልቶታል። አንድ ጎኑን በድንጋይ አስደግፈን ተከልነው። ከበታቻችን ያ ገደል አለ፣ ሁልጊዜ ስታወራልኝ የነበረው። ልክ ነበርክ፣ ያምራል። ነፋሱን ግን አልነገርከኝም።

ጌታነህ ስልኩን ድንጋይ ላይ አቁሞ ሙከራውን ጀመረ። ደረቅ ወይራ ፈለጠ፤ የካራውን ጀርባ በድንጋይ እየቀጠቀጠ ግንድ ሰነጠቀ። የክንዱን ፀጉር ላጨ። ዛፍ ላይ ሰክቶ እጀታው ላይ ተንጠለጠለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ለስልኩ እያወራ ነው፤ ለማን እንደሚያወራ እሱም አያውቅም። ካራው አልተጣመመም፣ አልተሸረፈም። ይበቃል፣ በጉን እረድና እንብላ አልኩት። መጀመሪያ ጭኮ ልቅመስ አለ። በላ፤ በቅቤ የወዛ እጁን ሳይጠርግ ካራውን አነሣና አሁን ደግሞ የመውጋት ሙከራ ብሎ ግንዱ ላይ በኃይል ሰነዘረው። ካራው ግንዱ ውስጥ ቆመ። የሱ እጅ ከእጀታው ሾልኮ ወደ ስለቱ ወረደ።

ሕይወት በነጠላዬ ጫፍ ቀኝ እጁን አሰረችለት። ክፉ አይደለም፣ ይድናል። ግን መጨበጥ አልቻለም። እንግዲህ አስበው፤ የታሰረ በግ አለን፣ የተሞከረ ካራ አለን፣ ያለን ወንድ አንድ ነው፣ እሱም ድንኳን ውስጥ ተኝቶ ያቃስታል። ወደ ዳገቱ ወጥቼ ካሉት ቤቶች ወንድ ፈለግሁ። ወንዶቹ በሙሉ ቀብር ሄደዋል። ባቄላ የምታበጥር አንዲት ሴት አገኘሁ፤ ችግሬን ስነግራት የኔም ዶሮ ከጠዋት ጀምራ ታስራ ባሌን እየጠበቀች ነው አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ምንም አልረዳንም።

ስመለስ ሕይወት እኔ ልረደው፣ ማን ያያል ብላ ተከራከረች። አንተ ብትኖር እሺ ትላት ነበር። እኔ ግን በአጎቷ አፍ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሁሉ ሲሰማው ታየኝ፤ የደሳለኝ ሚስትና ልጅ እንዲህ አደረጉ ተብሎ። በመጨረሻ ጌታነህ በግራ እጁ ካራውን ይያዝ፣ እኔ ከላይ እጁን ልደግፍለት ተባለ። በጉን ወደ ምሥራቅ አዞርን። ጌታነህ በስመ አብ አለና ዓይኑን ጨፈነ፤ ደም ማየት አይችልም ለካ። እጁ ከእጄ ሥር እንደ እርጥብ ጨርቅ ነበር። የሳብኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ፈራሁ እንድልህ ትጠብቅ ይሆናል። አልፈራሁም። ገፈፍን፣ ጠበስን፣ በላሁ፣ ጠገብኩ። ስንበላ ያወራነው ስለ ነፋሱ ብቻ ነው። የጌታነህ ስልክ ዛፉን ሁሉ ሲቀርጽ ውሎ በጉ ጋ ሲደርስ ባትሪው አልቆ ነበር።

ካራውን አጥቤ ወደ ሚስማሩ መለስኩት። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ደረሰኝ፤ ጌታነህ በቆሰለ እጁ፣ በግራው፣ ሙክት የሚያህል በግ በአንድ ስበት አረደ የሚል። ተውኩት። ያውራ አልኩ። ካራው ቤቴ እስካለ ድረስ አፉ ምን ጎዳኝ።

ዛሬ የጌታነህ ልጅ ክርስትና ነው። በሬ ስለሚጣል ካራው ይምጣ ብሎ ትናንት ላከ። ይዤ ሄድኩ፤ የክርስትና ቤት አይከለከልም። ሽንኩርት ስንልጥ ቆየንና ሚስቱ ለሥጋው የሚሆን ትልቅ ትሪ ለወንዶቹ እንዳደርስ ሰጠችኝ።

አንድ ነገር ከመጨረሴ በፊት ልበልህ። እንዳልረሳህ ማንም ቃል ሊያስገባኝ አይገባም። ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር፣ በዓል መጥቶ ዶሮ ባንጠለጠልኩ ቁጥር አንተ አለህ። እየተነጫነጭኩም ቢሆን አስታውስሃለሁ።

ትሪውን ይዤ ጓሮ ስደርስ ጌታነህ በጉን እያረደ ነበር፤ በአፉ። አንዱ ጎረቤት ካራህን ድንጋይ ላይ ይስላል፣ ሌሎቹ ከበው ይሰማሉ፣ መርጌታም አሉ። እሷማ እግሩን ይዛልኝ ነበር አለ በአገጩ ወደኔ እያመለከተ። ቀጠለና ካራው ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ እኔ ቤት ይውላል፣ ወንድሜ ለኔ ነበር ያሰበው አላቸው። ለጊዜው እንኳ አላለም።

ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ከሚስለው ሰው እጅ ካራውን ተቀበልኩ፤ ላጥበው የፈለግሁ መስሎት ሰጠኝ።

"በጉን ያረድኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "የሱ እጅ ከኔ እጅ ሥር ነበር፤ ዓይኑንም ጨፍኖ ነበር።"

መርጌታ መሬት መሬት አዩ። ከሰዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ጌታነህ "እታለም፣ ሰው ፊት" አለ። ከነገ ጀምሮ የኔን ወጥ የማይቀምስ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። አውቄ ነው ያልኩት።

ሚስቱ ከወጥ ቤት ሆና ትሪው ደረሰ ወይ ብላ ተጣራች። ካራውን አፎቱ ውስጥ ከትቼ በነጠላዬ ሥር ያዝኩና በአጥሩ በር ወጣሁ። በሬው ገና ግንዱ ሥር ታስሮ ገለባ ይበላ ነበር።