ዐሥራ ዘጠኙ የሐምራዊዋ ዘሮች

ይድረስ ለእታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደህና ነኝ እያልሽ ታነክሻለሽ? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? ልጆቹስ? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁና ንዴቴ ግን አላስቀምጥ ብለውኛል።

ባለፈው ደብዳቤሽ ቀኑን ሙሉ አፈር ስታቦካ የምትውለው ምን ልትተክል ነው ብለሽኝ ነበር። እዚህ ችግኝ ጣቢያ ሁለት የዱር ተክሎች አሉን፤ ሁለቱም የአተርና የባቄላ ዘመድ፣ ሁለቱም ከምድር ሊጠፉ ትንሽ የቀራቸው። ቢጫ የምታብበዋ ዘሯ ጠጠር ነው፤ በአሸዋ ወረቀት ካልፈተግሽው ወይም የፈላ ውሃ ካላፈሰስሽበት ዓመት ብትጠብቂ አይበቅልም። የሐምራዊዋ ግን ቆዳው ስስ ነው፤ እርጥብ አፈር ሲያገኝ ይበቃዋል፣ የፈላ ውሃ ይገድለዋል። ቢጫዋን የጨረሳት ፍየል ነው፣ ሐምራዊዋን ደግሞ የመንገድ ሥራ። አሁን አንድ ገደል ላይ ብቻ ቀርታለች።

አለቃችንን ማኅተም ከመምታት በቀር ሥራ ስለማያውቅ "ማኅተሙ" እንለዋለን። ሁለቱም አተር አይደሉም እንዴ፣ የፈላ ውሃ አድርግባቸውና አንድ ላይ ዘፍዝፋቸው አለኝ። ሐምራዊዋ አትችልም ብዬ ብነግረው፣ አንተ ደግሞ መቼ ተማርክና ብሎ አፌን አስያዘኝ። እታለም፣ እያወቅሁ ዝም አልኩ! የነበረንን የሐምራዊዋን ዐሥራ ዘጠኝ ዘር በገዛ እጄ ቀቀልኩት። ቢጫዋ በቀለች፣ ሐምራዊዋ በሰበሰች፤ መጋዘን ውስጥ ሌላ ፍሬ የለም። ማኅተሙ ከቢጫዋ ችግኝ ጎን ቆሞ ፎቶ ሲነሳ ደሜ ፈላ። እማዬ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትል የለ? እኔ ዝም ብዬ የገባው ከዝንብ የባሰ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፈርም ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። "ዘሩ አርጅቶ ስለነበር አልበቀለም" ይላል። እንዲህ ከተባለ ዘሯ አይበቅልም ተብሎ ይዘጋል፣ ገደል ድረስ ሄዶ የሚለቅም አይኖርም፤ በዚያው ተረስታ ትጠፋለች። ስለዚህ ያንን ሰርዤ፣ "ዘሩ ደህና ነበር፤ በፈላ ውሃ የገደልኩት እኔ ነኝ። ገደሉ ላይ ያለው ሳይረግፍ ይለቀም" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ለእሱም አልሰጠሁትም፣ ለበላዩ ኃላፊ አስገባሁት።

ከሰዓት በኋላ ዘበኛው መጥቶ የመጋዘኑን ቁልፍ ተረከበኝ። ስለ ቁልፉ እንጂ ስለ ዘሩ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም።

አባባን ሳሚልኝ። ባልሽን፣ ልጆቹን፣ በተለይ ያቺን ምላሰኛ ትንሿን በያሉበት ሰላም በይልኝ። ከሥራ መውጣቴን ለእማዬ አንቺው ቀስ ብለሽ ንገሪያት። ዘሯን ልለቅም ገደሉ ጋ ነገ በራሴ እግር እሄዳለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከችግኝ ጣቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ታኅሣሥ 6 ቀን