ሬኮ ላይ የተያዘው እጄ

ውድ እታለሜ ጽጌማርያም፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጋሼ ሙሉጌታስ ደህና ነው? የእትዬ ፀሐይወርቅ ወገብ ተሻለ? ሩሃማዬስ ጥርስ አወጣች? የጎንደር ብርድ አልጠናባችሁም? እኔ ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ በሕይወት አለሁ። ያልደወልኩት ስታለቅሺ መስማት ስለማልችል ነው።

ነፍሱን ይማረውና ወንድማችን ወልዱ በብስክሌት ከዲላ ሞያሌ ደርሶ መልስ ሊወስደን ያሰበውን ጉዞ፣ የብስክሌት ክበቡ ልጆች በትምህርት ዕረፍታችን ወጣንለት። የምነዳው የእሱን ብስክሌት ነው። ስንመለስ ሬኮ፣ ቡና ማጠቢያው አጠገብ ባለው የካምፕ ግቢ ድንኳን ተክለን አረፍን። እታለሜ፣ የጎዳኝ ዕረፍቱ ነው። ፔዳል ስመታ ንዴቴ ወደ እግሬ ይወርዳል፤ ሌሎቹ ልብስ አጥበው፣ ሰንሰለት ዘይት ቀብተው ሲጋደሙ ግን እጄ ላይ ይወጣል።

በማግስቱ ቡና ሊጭን አይሱዙ መጣ። ረዳቱን ሳየው አለባቸው ነው። ጪጩ መንገድ ላይ ወልዱን በጎማ መፍቻ ብረት ቀጥቅጦ የገደለው ሹፌር ረዳት የነበረው። ሹፌሩ “ሰክሮ ወድቆ ነው” ሲል፣ ይሄኛው “አላየሁም” ብሎ ነው ሁለቱም የተለቀቁት።

የብስክሌቱን ትልቁን የብረት መፍቻ ይዤ ሄድኩበት። አፉን መታሁት፤ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋው። ከግቢው በላይ ወዳለው ሶንጎ፣ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ለፍርድ ወደሚቀመጡበት ሣር ሮጠ። ዲላ ተወልጄ ባድግም፣ እዚያ ሣር ላይ በሰው እጅ እንደማይሰነዘር አላውቅም ነበር። ተከትዬው ጭንቅላቱን ደገምኩት። አልዋሽሽም፣ እንዲሞት ፈልጌ ነበር። ጓደኛዬ ቦና ከኋላዬ ደርሶ ሁለት እጄን ጠምዝዞ ያዘኝ። “አብደሃል? ሶንጎ ላይ?” አለኝ።

ያኔ አለባቸው ድንጋይ አንሥቶ መጣብኝ። መከላከያ ስለሌለኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ የተያዙትን እጆቼን እያየ ቆሟል። ድንጋዩን ጣለና፣ “እኔም እሱን እንዲህ ነው የያዝኩት” አለ።

ገናዦቹ የወልዱ እጅ ላይ አንድ ጭረት እንኳ የለም ያሉትን ታስታውሻለሽ? እማዬ እስከ ዛሬ “እጅ እያለው ለምን አልመለሰም?” ትላለች። ሰፈሩም ፈሪ ነው ብሎት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አለባቸው ሁሉንም ተናገረ፤ ከታረቅን ፍርድ ቤትም ቀርቤ እደግመዋለሁ አለ። እነሱ ግን ሣሩ ላይ ደም አፍስሰሃልና አባትህ መጥቶ ያስታርቅህ፣ እስከዚያ ከዚህ አትንቀሳቀስ አሉኝ። ቦና ሲደውልለት አባዬ “ልጄን ይዞ ካስገደለ ሰው ጋር አልቀመጥም” ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋው። እኔም ይቅርታ ብጠይቅ ከልቤ ይሁን አይሁን አላውቅም። ጥርሱን ሲተፋ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ድንጋዩን ጥሏል። አባዬ ካልመጣ ያ ቃል እዚሁ ሬኮ ይቀራል፣ ሹፌሩም መንዳቱን ይቀጥላል። አባዬ አንቺን ይሰማል፤ ደውይለት። ለእማዬም ስለ እጁ አንቺው ንገሪያት፣ እኔ አልችልም።

ይህን ወረቀት ቦና ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። ቀኝ እጄ አብጧልና ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ ታገሺኝ። ለጋሼ ሙሉጌታ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ የእትዬ ፀሐይወርቅን ጉልበት ሳሚልኝ። የሩሃማን ደግሞ እጆቿን ሳሚልኝ፣ ሁለቱንም።

ወንድምሽ ባርኮት
ሬኮ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.